ሁለት ብርጭቆ ውሃ

ወለሉ መነሳቱን ከቁንዶ አባት ዓይን ቀድሞ ያወቀው እግሩ ነው። ሻዩን ይዞ በካልሲው ሳሎኑን ሲያቋርጥ፣ ከዓሣዎቹ ገንዳ አጠገብ ሲደርስ ቀጥ ብሎ ቆመ። ሻዩን የመስኮቱ ደፍ ላይ አስቀመጠ። ተንበረከከ። መዳፉንም፣ ሐኪም የበሽተኛ ሆድ ሲዳብስ እንደሚያደርገው፣ ወለሉ ላይ አንዴ ወዲህ አንዴ ወዲያ ቀስ አድርጎ አሳለፈው።

«ማነው እዚህ ውሃ ያፈሰሰው?» አለ፣ ቀና ሳይል።

ጥያቄው ለወጉ ያህል ነው። በዚያ ቤት ከውሃ ጋር ጉዳይ ያላት አንድ ሰው ብቻ ናት፤ እሷም በዚያች ደቂቃ ገንዳው አጠገብ ቆማ የዓሣ ምግብ በጣቶቿ ቆንጥራ ይዛለች።

«እኔ ነኝ» አለች ቁንዶ። «ባለፈው ሳምንት። ግን ወዲያው ጠርጌዋለሁ።»

ቁንዶ ያላት ታላቅ ወንድሟ ነው፤ ቁንዶ በርበሬ ለማለት። አሥራ አራት ዓመት ሞልቷትም ከክፍሏ ልጆች ሁሉ አጭር ናት፤ ምላሷ ግን አጭር አይደለም። ቅጽል ስሙ ከቤት ወጥቶ ትምህርት ቤት ደረሰ፣ ከዚያ ወዲያ መምህራኑ እንኳ በእውነተኛ ስሟ ሲጠሯት የተቆጧት ይመስላታል።

«ጠርጌዋለሁ ነው የምትይው» አለ አባቷ። «ነይ፣ የጠረግሽውን እዪው።»

ምግቡን ለዓሣዎቹ በትና ጎንበስ አለች። ከገንዳው ማቆሚያ እስከ ግድግዳው ድረስ ያሉት ጣውላዎች፣ በጠባብ በር እኩል እንወጣለን ብለው እንደተጋፉ ሰዎች፣ ተገፋፍተው ወደ ላይ ተነስተዋል። ደነገጠች። ጥፋቷ መስሏት ነው። እንዲያም ሆኖ አንድ ነገር አልገባትም።

«ሁለት ብርጭቆ ነው የፈሰሰው» አለች። «ውሃውን ስቀይር ቱቦው ከባልዲው አመለጠኝ። ሁለት ብርጭቆ ቢሆን ነው።»

«እንጨት ብርጭቆ አይቆጥርም።»

«ሌላ ቦታ ብናዛውረውስ?» አለች እናቷ ከስፌት መኪናዋ ሳትነሳ። ልብስ ሰፊ ናት፤ ከመኪናዋ ሳትነሳ ነው የቤቱን ጉዳይ ሁሉ የምትከታተለው።

«የት? አልጋሽ ላይ?»

«ሽንት ቤት» አለ ወንድሟ ከሶፋው ላይ። «እነሱም ውሃ ይቀርባቸዋል።»

ማንም አልሳቀለትም። አባቷ ተነሳና ጉልበቱን አራገፈ። «ይሄ ገንዳ ቅዳሜ ከዚህ ቤት ይወጣል» አለ። «የሰፈሩ ፀጉር አስተካካይ ለሱቁ ፈልጎት ሲለምነኝ ነው የከረመው። መጥቶ ይውሰደው። የደረሰው ደርሷል፤ ሁለተኛ ግን አይደርስም።» ሻዩን እዚያው መስኮቱ ላይ ትቶት ወጣ።

አባቷ ፓርኬ ያነጥፋል። መተዳደሪያው ነው፤ አንዳንዴ ግን ከመተዳደሪያም በላይ ያደርገዋል። ሳሎናቸው እንደ ሌላው ሰው ሳሎን ቴሌቪዥን የሚታይበት ብቻ አይደለም፣ የሥራው ማሳያ ነው። ደንበኛ ሲያመነታበት «ቤቴ ይምጡና ይዩት» ይለዋል። ደንበኛው ይመጣል፣ በር ላይ ጫማውን ያወልቃል፣ በካልሲ ወዲያ ወዲህ ይላል፣ ጎንበስ ብሎ ይነካካል፣ «እንደዚህ ሥራልኝ» ብሎ ይሄዳል። ስለዚህ በዚያ ቤት ጫማ አይገባም፣ ወንበር አይጎተትም፣ የወንበሩ እግሮች ሁሉ እናቷ የሰፋችላቸው የጨርቅ ጫማ አላቸው። ቁንዶ ሰው ቤት ሄዳ ወንበር ሲጎተት ከሰማች ዛሬም ድረስ ትደነግጣለች።

ቅዳሜ ጠዋት ደግሞ አንዲት የጥርስ ሐኪም ሊመጡ ነው። አዲስ ክሊኒክ እያሠሩ ነው፤ ወለሉን ሁሉ ለአንድ ሰው ሊሰጡ ነው፤ ያ ሰው ማን እንደሚሆን ግን ገና አልቆረጡም። አባቷ ትልቅ ሥራ ካገኘ ቆይቷል። ይህንን ቤተሰቡ ሁሉ ያውቃል፣ ማንም አያነሳውም።

ገንዳው የባዮሎጂ መምህሯ ነበር። ጡረታ ሲወጡ፣ በእረፍት ሰዓት ክፍል ቀርታ መስታወቱን የምትወለውለው እሷ ብቻ ስለነበረች፣ «ውሰጂው፣ ለሌላ ብሰጠው በሳምንቱ ይገድሏቸዋል» ብለው ሰጧት። ከትንንሾቹ ዓሣዎች መሃል አንድ ትልቅ ብርቱካናማ አለ፤ ምግብ ሲበተን ሌሎቹን ገፈታትሮ ቀድሞ የሚደርስ። አለቃ ትለዋለች። ቁንዶ ብዙ ጓደኛ የላትም፤ አፏ አያስቀምጥላትም። ከትምህርት ቤት ስትመለስ ቦርሳዋን ሳትጥል መጀመሪያ የምታየው አለቃን ነው።

ያኔ የገረማት አባቷ ነበር። ይሄ ሰው፣ ባልዲ ሳሎን ውስጥ ሲያልፍ ትንፋሹን የሚይዝ ሰው፣ ገንዳውን እምቢ ይላል ብላ አንድ ሌሊት ሙሉ ክርክሯን ስታዘጋጅ አድራ ነበር። እሱ ግን አንድ ጊዜ አየት አድርጎት «ውሃው ሲሞላ ስንት ኪሎ ይሆናል?» ብሎ ጠየቀ፤ ብዙ እንደሚሆን ስትነግረው «እሺ» አለ። «ግን እዚህ ጥግ ነው የሚቀመጠው። ሌላ ቦታ አይሆንም።» ተሸክሞም ራሱ አስቀመጠላት። በዚያን ቀን አባቷን የወደደችውን ያህል ወዳው አታውቅም። ገንዳው ለእሷ ምን እንደሆነ የገባው መስሏት ነበር።

እሷም አላሳፈረችውም። ውሃ ስትቀይር መጀመሪያ አሮጌ ፎጣ ታነጥፋለች፣ ባልዲውን የሚተርፈው እንዳይፈስ ሳፋ ውስጥ ታስቀምጠዋለች፣ እጇን እንኳ ደርቆ ካልሆነ ከገንዳው አታርቅም። ቱቦው ያመለጣት አንድ ቀን ነው፤ ወንድሟ ጠርቷት ዞር ስትል። አንድ ቀን ብቻ።

ሐሙስ ማታ ራት ላይ የመጨረሻ ሙከራዋን አደረገች። አባቷ የመጀመሪያውን ጉርሻ እስኪውጥ ጠብቃ ጀመረች።

«ከላሜራ ጠርዙ ወደ ላይ የታጠፈ ትልቅ ትሪ አሠራለሁ። ገንዳው ከነማቆሚያው ትሪው ላይ ይቆማል። ትሪውን አጭር አጭር እግር አስገጥምለትና ከወለሉ ከፍ ይላል፤ ከሥሩ አየር ያልፋል። ቱቦው ላይ መዝጊያ አስገባለታለሁ። ከዚያ በኋላ አንድ ጠብታ ወለሉን ከነካ ራሴ ተሸክሜ ለፀጉር አስተካካዩ እወስድለታለሁ።»

«ለምን ይሄን ሁሉ ትደክሚያለሽ» አለች እናቷ። «ላስቲክ ብናነጥፍበት አይበቃም?»

«ላስቲክ ውሃውን ከሥር አፍኖ ይይዘዋል፣ እማዬ። ሳናየው እንጨቱን ይጨርሰዋል። ይብሳል እንጂ አይሻልም።»

አባቷ ቀና ብሎ አያት። የእሱ ቃል ነበር፤ ለደንበኞቹ ሲናገር ቃል በቃል እንዲህ ነው የሚለው። ለአፍታ ፊቱ ፈካ አለ፣ ልጄ ሙያዬን ወርሳለች የሚል ዓይነት ነገር። ከዚያ መልሶ ዘጋው።

«ነገሩ አልቋል፣ ቁንዶ። ብዪ።»

አልበላችም።

ዓርብ ከትምህርት ቤት ስትመለስ ቤቱ ባዶ ነበር። እናቷ የተሰፋ ልብስ ልታደርስ ሄዳለች፣ ወንድሟ የት እንደሆነ አይታወቅም። ቁንዶ ቦርሳዋን ጥላ የተነሱትን ጣውላዎች ስታይ ቆየች። በሐሳቧ አንድ ብልሃት አብስላ ነው የመጣችው። እርጥበቱ ከሥር ከወጣ እንጨቱ ይደርቃል፤ ሲደርቅ ይቀመጣል። እርጥበቱ የሚወጣበትን መንገድ ደግሞ ታውቀዋለች።

ትምህርት ቤት ሲዘጋ አባቷን ተከትላ ሥራ ትሄድ ነበር። ያኔ የእሷ ድርሻ ሽብልቅ ማቀበል ነው። ጣውላው ግድግዳውን እንዳይነካ በመሃል ትንንሽ ሽብልቆች ይደረደራሉ፤ ሥራው ሲያልቅ ይነቀሉና በወለሉና በግድግዳው መሃል የጣት ወርድ የሚያህል ክፍተት ይቀራል። ከዚያ ክፍተቱ ላይ ዞኮሎ ይመታል፤ ዞኮሎ ማለት ግድግዳውን ከሥር ከሥሩ ተከትሎ የሚሄደው ቀጭን እንጨት ነው። ማንም ክፍተቱን አያየውም። «እንጨት ይተነፍሳል» ይላል አባቷ ለደንበኞቹ። «በእርጥብ ወራት ያብጣል፣ በደረቅ ይሟሽሻል። መንፈራገጫ ካልሰጡት ወዴት ይሂድ? ወደ ላይ ነው የሚነሳው።» ይህንን ስትሰማ ነው ያደገችው።

ስለዚህ ዞኮሎውን ትነቅለዋለች፣ በክፍተቱ አየር ይገባል፣ አለቀ። የአባቷን መሮ ከዕቃ ሳጥኑ አመጣች። በዞኮሎውና በግድግዳው መሃል አስገብታ ቀስ ብላ ፈለቀቀችው። ምስማሮቹ እያጉረመረሙ ወጡ።

ክፍተት አልነበረም።

መጀመሪያ አቧራ የደፈነው መስሏት በጣቷ ጠረገችው። ጥፍሯን ለማስገባት ሞከረች፤ አልገባም። ጣውላው ግድግዳው ላይ ተሰንቅሯል። ቀጥሎ ያለውን ዞኮሎ ነቀለች። እዚያም ያው ነው። ወደ በሩ በኩል ሄዳ ሌላ ነቀለች። ያው። የመጨረሻው ረድፍ ጠርዝ ላይ ደግሞ አሮጌ የመዶሻ ጠባሳ በየቦታው ይታያል፤ በልኩ አልገባ ብሎ በጉልበት የገባ ጣውላ ነው።

ሳቋ መጣ። በከተማው ውስጥ የስንት ሰው ቤት ወለል የሚያስተነፍስ አባቷ፣ የራሱን ቤት ወለል አንቆ ይዞታል።

ከዚያ ሳቁ ተዋት። ትዝ ያላት ነገር አለ። ገንዳው ከመምጣቱ በፊት እዚያ ጥግ ላይ አንድ ከባድ ሣጥን ነበር፤ ዝናብ በበዛ ቁጥር ያ ጥግ ይንቋቋ ነበር። ሣጥኑ ወደ ወንድሟ ክፍል ሲሄድ ወለሉ እዚያ ጋ ከፍ ማለት ጀምሮ ነበር፣ «ይቀመጣል፣ ተውት» ብሎ ነበር አባቷ። በዚያው ሰሞን ነው ገንዳው የመጣው። ስንት ኪሎ ይሆናል ብሎ ጠየቀ። እዚህ ጥግ እንጂ ሌላ ቦታ አይሆንም አለ።

ለእሷ ብሎ አልነበረም። ወለሉን እንዲጫንለት ክብደቱን ፈልጎት ነው። ይህ ከገንዳው መሄድ በላይ አመማት፣ ወለሉ ላይ እንደተቀመጠች እንባዋ መጣ፣ በንዴት በእጅጌዋ ጠረገችው።

እናቷ ቀድማ ገባች። የተነቀሉትን ዞኮሎዎች አየች፣ ልጇን አየች፣ ቦርሳዋን ቀስ ብላ አስቀመጠች።

«ወይ ጉድ። ምን አድርገሽ ነው?»

«እማዬ፣ ይሄ ወለል ሲሠራ ነበርሽ?»

«አዎ፣ ወንድምሽን እርጉዝ ነበርኩ። አባትሽ ገና ጀማሪ ነው። እንግዳ ሊመጣብን ነው፣ እሱ ደግሞ የመጨረሻው ረድፍ አልገባ ብሎታል። እንደገና ልንቀለው አለ፣ ጊዜ የለም። በመዶሻ ወቅሮ ወቅሮ አስገባው። ጎረቤቶች ምን ተሰበረ ብለው መጥተው ነበር» አለችና በትዝታ ፈገግ አለች። የልጇን ፊት ስታይ ፈገግታዋን ሰበሰበች። «ለምን ጠየቅሽኝ?»

«ታውቂ ነበር ማለት ነው።»

«መዶሻውን አውቃለሁ። የወለሉን ነገር እኔ ምን አውቄ?»

አባቷ ሲመጣ ቁንዶ እዚያው ወለሉ ላይ ነበረች። መልሳ ልትመታው ጊዜ ነበራት፤ ሆን ብላ አልመታችውም። በሩ ላይ ጫማውን ሲያወልቅ አንገቱን ቀና አድርጎ ዞኮሎዎቹን አየ። አንድ ጫማ በእጁ እንደያዘ ቀረ።

«ማን ንኪ አለሽ?»

«ክፍተት የለውም፣ አባዬ።»

«ማን ንኪ አለሽ ነው ያልኩሽ።»

«ሊደርቅ ይችላል ብዬ ነው የከፈትኩት። አየር የሚገባበት ቦታ የለውም። ውሃውን እኔ አፍስሻለሁ፣ አላፈሰስኩም አላልኩም። ወለሉን ያስነሳው ግን እኔ ብቻ አይደለሁም።»

የሚጮህ መስሏት ትከሻዋን ጠበቅ አደረገች። አልጮኸም። ጫማውን አስቀምጦ መጣና አጠገቧ ወለሉ ላይ ተቀመጠ፤ ደንበኛ በሌለበት እዚያ ወለል ላይ ሲቀመጥ አይታው አታውቅም። አውራ ጣቱን የመዶሻው ጠባሳ ላይ አሳረፈ።

«አውቃለሁ» አለ። «የክፍተቱን ነገር ያወቅሁት በዓመቱ ነው፣ ትልቅ ሠሪ ሥር ስቀጠር። ያኔ ደግሞ ሰው ይሄን ወለል እያየ ሥራ መስጠት ጀምሮ ነበር። እንዴት ልንቀለው? ሁሉም መጥቶ ‹እንደዚህ ሥራልኝ› ይለኛል። እንደዚህ ግን ለአንድም ሰው አልሠራሁም። የሰው ቤት የሠራሁት ሁሉ ደህና ነው፣ ይሄ ብቻ ነው።»

«ገንዳውን ለዚህ ነው እሺ ያልከኝ?»

አባቷ ዓይኑን ከእሷ አንስቶ የገንዳውን ማቆሚያ አየ። ለቁንዶ ይሄ መልስ ነበር።

ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ስሚኝ» አለ። «ዓሣዎቹ ይቀመጡልሽ። ያልሽውንም ትሪ እኔ አሠራልሻለሁ፣ እግር ያለው፣ እንዳልሽው። ይሄን መልሰን እንመታዋለን። ነገ ዶክተሯ ከጠየቁሽ ገንዳው ሞልቶ ፈሰሰ ትያለሽ። ሌሊቱን ሙሉ ሲፈስ አደረ፣ ጠዋት ነው ያየነው ትያለሽ። በቃ።»

«ሁለት ብርጭቆ ነው።»

«ሁለት ብርጭቆ ብለሽ ይሄን ካሳየሻቸው ወለሉ ነው ችግሩ ይሉኛል። ልጅ ነሽ፣ ልጅ ያጠፋል፣ ማንም አይቀየምሽም። እኔን ግን ሥራ ይነሱኛል።»

ቁንዶ ገንዳውን አየች። አለቃ መስታወቱ ጋ መጥቶ አፉን ይከፍታል፣ ይዘጋል፤ ምግብ የመጣ መስሎታል። እሺ ማለት ትችል ነበር። አንድ ቃል ናት። ውስጧ ግን አንድ ነገር እምቢ አለ። የጠየቃት ውሸት ብቻ አይደለም፤ ልጅ ስለሆነች ውርደቱ በእሷ ላይ ቀላል ነው ብሎ ማሰቡ ነው።

«አልልም» አለች።

«እንግዲያው ይሄዳሉ።»

«ይሂዱ።» ዓይኗን ከአለቃ ላይ አነሳች። «ለፀጉር አስተካካዩ ደውልለት።»

አባቷ ተነሳ። ዞኮሎዎቹን አንድ በአንድ መልሶ መታቸው። ያበጠው ላይ ትንሽ ምንጣፍ ጣለበት። ከዚያ ስልኩን ይዞ ወደ ውጭ ወጣ።

ወንድሟ ሲመጣ ሁሉንም ከእናቱ ሰማ። መኝታ ቤቷ በር ላይ ተደግፎ «አንድ ዓረፍተ ነገር ነው እኮ» አላት። «ብለሽው ዓሣዎችሽን አታተርፊም? ምን ሙድ ነው?»

«አንተ በልላቸዋ።»

«እኔ ዓሣ የለኝም።»

«ስለዚህ ዝም በል።»

ቅዳሜ ጠዋት ሐኪሟ በሰዓታቸው መጡ። ረጅም ሴት ናቸው፣ ድምፃቸው የማይቸኩል። ጫማቸውን ሳይነገራቸው አወለቁ። አባቷ የክት ሱሪውን ለብሷል። እናቷ የስፌት መኪናዋን ለመጀመሪያ ጊዜ ዘግታዋለች። ሐኪሟ በካልሲ ወዲያ ወዲህ አሉ፣ ጎንበስ ብለው ነኩ፣ «ቆንጆ ነው» አሉ። አባቷ ተነፈሰ።

ከዚያ ገንዳውን አዩት።

«ውይ፣ እኔም የምፈልገው ይሄንኑ ነው» አሉ፣ ፊታቸው በርቶ። «ከዚህ ተለቅ ያለ፣ እንግዳ መቀበያው ውስጥ። ሰው ጥርሱን ሊነቀል ሲጠብቅ ምን እንደሚያይ ያውቃሉ? በሩን ነው የሚያየው። ዓሣ ቢያይ ይሻለዋል።» እያወሩ ጠጋ አሉ፤ ምንጣፉን ረገጡ። እግራቸው ቆመ። ጎንበስ ብለው ምንጣፉን በሁለት ጣት ገለጡት።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«እሱ ያው ውሃ ነው፣ ዶክተር» አለ አባቷ። «ገንዳው ሞልቶ ፈሶ ነው። ልጆች ያሉበት ቤት…»

«ውሃ እንዲህ ካደረገውማ» አሉ ሐኪሟ ቀስ ብለው፣ «ወይ ወለሉን ወይ ዓሣውን መተው ሊኖርብኝ ነው። የእኔ ክሊኒክ ውስጥ ውሃ በየቀኑ ይፈሳል።» ወደ ቁንዶ ዞሩ። «የዓሣዎቹ ባለቤት አንቺ ነሽ አይደል? ምን ያህል ቢፈስ ነው፣ የኔ እናት?»

አባቷ አያት። እናቷም አየቻት። ቁንዶ ሁሉንም በአንድ ትንፋሽ ልትናገረው ትችል ነበር፤ ዞኮሎው የት ጋ እንደሚላቀቅ፣ ጠባሳው የት ጋ እንዳለ ታውቃለች። ብትናገረው ሐኪሟ ዓሣውንም ወለሉንም መተው እንደማይኖርባቸው ይገባቸዋል፣ ምናልባት ሥራውም ይተርፋል። አፏ ላይ ደርሶ ነበር። ግን የእሷ ነገር አይደለም። የእሱ ነው፣ ከእጁ ነጥቃ ልትናገርለት አልፈለገችም፤ ልትዋሽለትም አልፈለገችም።

«ሁለት ብርጭቆ» አለች። «ቱቦው አምልጦኝ። ወዲያው ጠርጌዋለሁ። እኔ ያፈሰስኩት እሱን ነው። ሌላውን እኔ አይደለሁም የምናገረው።»

ሐኪሟ ቅንድባቸውን አነሱ። አባቷ ከንፈሩን ነከሰ።

ቁንዶ ወደ ጓሮ ሄደች። ሳፋውን፣ ባልዲውንና ቱቦውን ይዛ ተመለሰች። ፎጣዋን አነጠፈች፣ ሳፋውን ፎጣው ላይ፣ ባልዲውን ሳፋው ውስጥ አስቀመጠች። የቱቦውን አንድ ጫፍ ገንዳው ውስጥ ከትታ ሌላውን በአፏ ሳብ አደረገችው፤ ውሃው መጥቶ ባልዲው ውስጥ መውረድ ጀመረ።

«ምን እያደረግሽ ነው?» አለ አባቷ።

«ለፀጉር አስተካካዩ እያዘጋጀሁት ነው። እንደሞላ አይነሳም።»

«አሁን? ሰው ፊት?»

«ቅዳሜ አይደል ያልከኝ?»

ቱቦውን ጠበቅ አድርጋ ያዘች። ውሃው ከገንዳው ጠርዝ ወረድ አለ። ትንንሾቹ ዓሣዎች ወደ ታች ተሰበሰቡ፣ አለቃ ብቻውን ላይ ቀርቶ ዙሪያውን ይዞራል። ሐኪሟ አባትና ልጅን ተራ በተራ ያያሉ። 

«በቃ፣ አቁሚው» አለ አባቷ።

አላቆመችውም።

አባቷ እጁን ፊቱ ላይ አሳለፈ። ከዚያ የክት ሱሪውን ሳያስብለት ግድግዳው ሥር ተንበረከከ፣ ጣቶቹን ከዞኮሎው ጀርባ አስገባ፣ ሳበው። ትናንት የገቡት ምስማሮች ቶሎ ለቀቁ።

«ዶክተር፣ ይቅርታ፣ አንድ ጊዜ ወደዚህ ይምጡ» አለ፣ ፊቱን ወደ ግድግዳው እንዳደረገ። «ይሄን ወለል ስሠራ ጀማሪ ነበርኩ…» በአውራ ጣቱ የመዶሻውን ጠባሳ አሳያቸው። 

ቁንዶ ቱቦውን በእጇ ውስጥ አጠፈችው። ውሃው ቆመ። ከገንዳው ግን አላወጣችውም፤ ጫፉን ባልዲው ላይ እንደያዘች፣ አባቷ የጀመረውን ነግሯቸው እስኪጨርስ ጠበቀች።